ከፀጉር ቤቱ በር በላይ

«ወደ ሰው ዙሪ እንጂ፤ ለቀስተኛው ጀርባሽን ሊያጽናና አይደለም የመጣው» አለቻት የባሏ እህት፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች ጎንበስ ብላ።

«እዞራለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። አልዞረችም።

የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ስር ነው። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ሶፋው ላይ ከሴቶቹ መሃል ያስቀምጧታል፤ እሷ እየተነሳች እዚያችው የመኪናዋ ወንበር ላይ ትመለሳለች። ከዚያ ሆና መንገዱ ማዶ ያለውን ፀጉር ቤት ታያለች። ከበሩ በላይ፣ ዝናብ ከማይደርስበት ከቆርቆሮው ክፈፍ ስር፣ ባሏ ተለጥፏል። ፈገግ ብሏል። ክራባቱ ጠመም ብሏል፤ ፎቶ ሊነሳ ሲወጣ አስተካክላለት ነበር፣ መንገድ ላይ ነካክቶ አበላሸው። ከስሩ የምርጫ ምልክቱ አለ፣ ሬዲዮ። ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበረ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የማን ፖስተር እንደሆነ እንዲያውቅ።

ከኋላዋ ወንዶቹ ይንሾካሸካሉ። የባሏ ፓርቲ ጸሐፊ ሹክሹክታ ግን ከጓዳ ይሰማል።

«የምክር ቤት ወንበሩ ባዶ አይቆይም። ማሟያ ምርጫ መጥራታቸው አይቀርም።»

«ከወዲያ በኩል ማን ይቆማል?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ማን ይቆማል ትላለህ? አስተማሪዋ ናታ። በዚህ ምርጫ ክልል ከሁለቱ ሌላ በየምርጫው የቆመ ማን አለ?»

«እንግዲህ የኔ ግድግዳ መከራውን ሊያይ ነው። በሲሚንቶ ሳይሆን በሙጫ የቆመ ቤት የኔ ብቻ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀና አፉን በእጁ ከደነ። ልብስ ሰፊዋ ሻዩን ሳትቀምሰው መኪናው ላይ አስቀመጠችው። አስተማሪዋ። ይቺ ሴት በቁሙ አልተወችው፣ አሁን ደግሞ ሞቶም ከላዩ ልትለጠፍበት ነው።

ነገሩ የተጀመረው ሰፈራቸው ከላይኛው ምርጫ ክልል ተቆርጦ፣ በምክር ቤቱ ለራሱ አንድ ወንበር ሲሰጠው ነው። ያን ጊዜ ባሏ ጉንጩ ሙሉ ነበር። «እወዳደራለሁ» አላት አንድ ቀን።

«ምን አጥተህ?»

«ውሃ» አላት።

ውሸቱን አልነበረም፤ ቧንቧው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ግራጫ ኮት ሰፋችለት። የመጀመሪያው ፖስተር ላይ ያንን ኮት ለብሶ ነው የተነሳው። አስተማሪዋም በፋኖስ ምልክት ቆመች። አሸነፈችውም።

የምርጫ ሕጉ ስለ ግድግዳ ምን እንደሚል እንጃ። ሁለቱ ግን የራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ የተሸነፈ ሰው የሁለቱንም ፖስተር ከየግድግዳው ፍቆ ያነሳል። ባሏ ባልዲና መፋቂያ ይዞ ወጣ። አስተማሪዋ ደግሞ ቤቷ ተቀምጣ እንኳን ደስ ያለሽ እንደመባል ሙቅ ውሃ ይዛለት መጣች፤ አብረው ሲፍቁ ዋሉ። ከፀጉር ቤቱ በር በላይ ያለችውን ቦታ ብቻ ተዉአት። «ማን ከማን እንደተወዳደረ ሰው ይየው» ተባባሉ። እዚያች ላይ ተሸናፊው የአሸናፊውን ፎቶ በገዛ እጁ ከራሱ ፎቶ በላይ ይለጥፋል። ባሏም መሰላል ወጥቶ የዚያችን ሴት ፊት በራሱ ፊት ላይ ለጠፈ። ከሚስቱ መስኮት ትይዩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቀሚስ ሰፋች፣ ስንት ሱሪ አሳጠረች። ክር ልትበጥስ ቀና ባለች ቁጥር ያቺ ሴት ከላይ ሆና ታያታለች፤ የባሏ ፊት ከስሯ ተጣብቆ።

በሁለተኛውም ምርጫ አስተማሪዋ አሸነፈች። በሦስተኛው ሁለቱ ድምፅ ሲሻሙ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ በመሃል ገብቶ ወንበሩን ወሰደው። የባሰው ያን ጊዜ ነበር። ሁለቱም ተሸናፊ ሆኑና፣ ከዚያች ከበሩ በላይ ካለችው ቦታ በቀር፣ የምርጫ ክልሉን ግድግዳ በሙሉ ሲፍቁ ከረሙ። ባሏ ፀጉሩ ሙጫ ለብሶ እየሳቀ ገባ።

«ሁለታችሁም ወድቃችሁ ምኑ ነው የሚያስቃችሁ?»

«እሷ ምን አለች መሰለሽ» ብሎ ጀመረላት። ስለ መንገዱም፣ ስለ ትምህርት ቤቱም፣ ስለ አየሩም ሲያወራ አጀማመሩ ያው ነበር፤ እሷ ምን አለች መሰለሽ።

አንድ ቀን ሱሪ እየለካችው ጠየቀችው። «ከዚህች ሴት ጋር ምንድን ነህ?»

«ተወዳዳሪ ነኛ።»

«እሱን አጣሁት?»

«ካንቺ ጋር እኖራለሁ፣ ከእሷ ጋር እከራከራለሁ። ሌላ ምን አለ?»

«ከእኔ ጋርስ ለምን አትከራከርም?»

«አንቺን ማን ችሎሽ!» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርፌ ሰበረች።

አልጋዋን እንዳልነካችባት ታውቃለች። የነካችባት ወሬውን ነው። ቤት ሲገባ ደክሞኛል ብሎ ዝም የሚል ሰው፣ ለዚያች ሴት ሲሆን አፉ ይፈታል። ሴት ከባሏ ጋር ብትተኛባት ጎረቤት ሰብስባ ታሳጣታለች። ብትከራከርበት ምን ብላ ትከሳታለች?

በአራተኛውም አስተማሪዋ። ያለፈው ላይ ግን ባሏ አሸነፈ። አስተማሪዋ መሰላሉን ወጣች፤ እሱ ከስር ይዞላት እየሳቀ ያስላል። ሙጫው ነው የሚያስለው ብላ ነበር ልብስ ሰፊዋ። አስተማሪዋ ፖስተሩን ለጠፈችና አየር እንዳይቀርበት በመዳፏ ዳበሰችው፤ ከግንባሩ ጀምራ ጉንጩን፣ አገጩን። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ታያለች። ጨርቅ የለም? መጥረጊያ የለም? በእጅ ነው እንዴ ሙጫ የሚስተካከለው?

ምክር ቤት የገባው ታሞ ነው። ወንበሩን በወጉ ሳያሞቀው ሞተ።

በሩ ተንኳኳ። አስተማሪዋ ናት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ጠርዙ ተተርትሮ ክሩ ይጎተታል። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«በሩ ላይ ያስቀመጠችው ምንድን ነው?» አለች የባሏ እህት። «ባልዲ? ባልዲ ይዞ ነው ለቅሶ የሚመጣው?»

አስተማሪዋ ቀጥ ብላ መኪናው ጋ መጣች። «ያጽናዎት።»

«እርስዎንም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ካመለጣት በኋላ ተናደደች። ምን ሆና ነው የምትጽናናው? ማን ሞተባትና?

«ከፈቀዱልኝ ያቺን ፖስተር ላንሳት ብዬ ነው።»

«አንስተው የራስዎን ሊለጥፉባት።»

«እኔ አልቆምም።»

የፓርቲውን ጸሐፊ ሻዩ ትን አለው። «እንዴት አይቆሙም? ለምን?»

አስተማሪዋ ወደ እሱ አልዞረችም። «ከማን ጋር?» አለች።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ አንዷ ተነፋረቀች። ልብስ ሰፊዋ እሳት ሆነች። ከተቀበረ ጀምሮ አልቅሳለች፣ ጮሃለች፣ ደረቷን መትታለች፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ከአፏ አልወጣም። መውጣት የነበረበት ከእሷ ነው። አሁንም ቀደመቻት።

«የሲሚንቶ ነጋዴው ነው የሚቆመው» አለች አስተማሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰዎቹ ነገ ጠዋት ሙጫ ይዘው ይወጣሉ። እዚያች ቦታ ላይ ዓይናቸው አርፏል፤ ሁሉም መንገደኛ የሚያያት ናት። በፊቱ ላይ ነው የሚለጥፉት። በመጨረሻው የተሸነፍኩት እኔ ነኝ፤ መፋቁ የኔ ተራ ነው። እሱ ቢኖር ይሄን ያውቅ ነበር።»

«እኔም አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። በመስኮት አየችው። ያ ጠማማ ክራባት። ያ ነጋዴ በዚህ ፊት ላይ።

ተነሳች። «ሙቅ ውሃ አለ?» አለቻት የባሏን እህት።

«ለሻይ የጣድኩት አለ። ምን ልታደርጊ ነው? ሐዘንተኛ እኮ ነሽ።»

«አምጪው።»

ለቀስተኛው በሙሉ ደጃፍ ወጥቶ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ መሰላሉን ከጓሮ አመጣና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ውሃው ባልዲው ውስጥ እየተነነ ነው። አስተማሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገች።

«ውረጂ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

አስተማሪዋ ዞር ብላ አየቻት።

«ፊቱን የማነሳው እኔ ነኝ። አንቺ መሰላሉን ያዢ።»

«ከፍታ አይፈሩም?»

«እፈራለሁ። ጠበቅ አድርገሽ ያዢ።»

ወጣች። ወደ ታች አላየችም። ፊቱ በቅርብ ሲያዩት ነጠብጣብ ነው፣ ሰውም አይመስል። እርጥብ ጨርቁን ጠርዙ ላይ ያዘችና ጠበቀች። ከዚያ የኮት ገበር እንደምትፈታ ሁሉ በጥፍሯ ጀመረችው። አንድ ወረቀት ይነሳል ስትል ሁሉም አንድ ላይ መጣ፤ የዓመታቱ ሁሉ፣ በሙጫ ደርቆ እንደ ጣውላ የወፈረ። ኖራውን ይዞ ተላቀቀ። በደረቷ አቅፋው ወረደች።

አንደኛው ማዕዘን ላይ ወረቀቶቹ ተፈልቅቀዋል። እሱ፣ ከስሩ እሷ፣ ደግሞ እሱ፣ ደግሞ እሷ። ከሁሉም ስር ግራጫ ነገር ብቅ ብሏል። የኮቱ ትከሻ ነው። ስፌቱን አወቀችው።

አስተማሪዋም አየችው። «ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢያቆዩት ይለያያል» አለች። «የኔን የኔን አውጥቼ እወስዳለሁ። የእርስዎ ብቻ ይቀርልዎታል።»

ልብስ ሰፊዋ ማዕዘኑን በጣቷ ሞከረችው። ዕድሜዋን የተሰፋ ስትፈታ ነው የኖረችው፤ የቱ እንደሚፈታ፣ የቱ ተቀድዶ እንደሚቀር እጇ ያውቃል። መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገችና ወደ ታች ዳበሰችው፤ ጉንጩን፣ አገጩን። ሙጫው ከእጇ ጋር ትንሽ ያዘ።

«እስቲ ያዢልኝ» ብላ ለአስተማሪዋ አቀበለቻት።

ባልዲውን አነሳችና ሙቁን ውሃ መንገዱ ዳር ደፋችው።