የጨው ጣሪያ አድማጭ

«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ይህን የተናገረው ሰው ጨው የሚቆፈርበት ጉድጓድ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እንዳልዋለ እምላለሁ። እዚያ ጨው ድንጋይ ነው፣ ያውም ሰው የሚጨርስ ድንጋይ። ወለሉ ጨው፣ ግድግዳው ጨው፣ ጣሪያው ጨው ነው፤ ጣሪያውን ደግፈው የሚይዙት ወፋፍራም ምሰሶዎችም ሳይቆፈሩ የተተዉ ጨው ናቸው። ፋኖስ ሲገባበት ግድግዳው ሁሉ ያበራል፣ አየሩ ደረቅና ንጹሕ ነው፣ እንጨት ቢረሳ እንኳ አይበሰብስም። ውበቱን አይቶ አፉን የማይከፍት እንግዳ የለም፤ ሠራተኛው ግን ከውበቱ በፊት ጣሪያውን ነው የሚያየው።

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው አለቃው እንዳይመስላችሁ። የሚከበረው ጣሪያ አድማጩ ነው። ጠዋት ማንም ዶማ ከማንሳቱ በፊት አድማጩ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባና ጣሪያውን መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ጤነኛ ጨው ድምፁ እንደ ደወል የጠራ ነው፣ «ይዘፍናል» ይሉታል። ውስጡ የተሰነጠቀው ድፍን፣ እፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እሱን ደግሞ «ያንኮራፋል» ይሉታል። ይዘፍናል ያለ አድማጭ ቃሉን በነፍሱ ማስያዝ አለበት። ብቻውን ከጣሪያው ሥር ይቆምና ከኪሱ ቁራሽ ዳቦ አውጥቶ አንድ ጉርሻ ይበላል። ጉርሻው ከጉሮሮው እስኪወርድ ድረስ ሌላ ሰው እግሩን አያስገባም። በአድማጭ ቃል ላይ ቃል መጨመር ደግሞ ትልቅ ነውር ነው።

የዚህ ክፍል አድማጭ «ጋሽ ጆሮ» ይባላል፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱ ራሱ ሳይረሳው አልቀረም። ዘንጉን ከያዘ ጀምሮ እሱ ይዘፍናል ካለው ጣሪያ ሥር አንድ ሰው ጣቱን ተመቶ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእሱ ጆሮ ግን ለባለቤቱም ለጎረቤቱም እንጀራ ነበር። ሚስቶች ባሎቻቸውን «ከማን ጋር ነው የምትገባው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከጋሽ ጆሮ ጋር ከተባሉ እፎይ ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

አንዲት ልጅ አለችው፣ እዚያው አብራው ትሠራለች። ጋሪ ገፊ ነበረች፣ ክንዷ የወንድ ክንድ የሚያስንቅ። አምና ግን አባቷ ከጋሪው አንስቶ ፋኖስ ያዥ አደረጋት። እሱ ጣሪያውን ሲመታ እሷ ከፊቱ ቆማ መብራት ትይዝለታለች። «ከፍ አድርጊው፣ ወደ ፊትሽ ጠጋ አድርጊው» ይላታል በየጠዋቱ። ተቀይማዋለች። እንዲህ ያለ ጉልበት ይዞ ፋኖስ ተሸክሞ መቆም ምን የሚሉት ሥራ ነው? ግን አባት ነውና ምን ታደርገዋለች።

ቅያሜዋን የሚያስረሳት ከሰዓት በኋላ የሚደረገው የጋሪ ጭነት ነው። እያንዳንዱ ድንጋይ ሲጫን የት እንደሚሄድ መገመት የክፍሉ ጨዋታ ነው፣ ዳኛው ደግሞ በርሜል ነው። በርሜል የተባለው በሆዱ ነው፤ ከቆፋሪዎቹ ሁሉ ወፍራሙ እሱ ነው።

«ይሄ ግራጫው ቆዳ ፋብሪካ ነው የሚሄደው» ይላል። «ጨው ባይኖር ጫማሽ ገና ድሮ ሸትቶ ይጣል ነበር።»

«ይሄኛውስ?» ትለዋለች።

«ይሄ ለከብት ነው፣ ሲልሱት ይውላሉ። ያ ደግሞ ሳሙና ቤት፤ ያኛው ጨርቅ የሚያቀልሙ ሰዎች ጋ፣ ቀለሙ እንዲይዝላቸው። ያቺን መስታወት የመሰለችውን በደንብ አስቀምጪያት። ሐኪም ቤት ገብታ በውሃ ትሟሟና በመርፌ የሰው ደም ሥር ውስጥ ትገባለች። አንድ ሕፃን ከሞት አፋፍ ትመልሳለች፤ እኔ ቆፍሬያት ማለት ነው።»

ይስቁበታል። እሷ ግን በሆዷ ታምነዋለች። ዓለም ሁሉ፣ ዓሣ አድራቂውም አይብ ሠሪውም፣ እጁን ወደዚህ ጉድጓድ የዘረጋ ይመስላታል፣ ኩራቷም ልክ የለውም።

አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ አባቷ ቀድሟት ገብቶ ጓዳ ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። በጨርቅ የተቋጠረ የጋለ ጨው ጆሮው ላይ ይዟል። ይህም አንዱ የጨው ሙያ ነው፣ የሚጠዘጥዝ ጆሮ ላይ ሙቀቱ ደስ ይላል። «አባዬ» አለችው። ዝም። ደግማ ጠራችው። ዝም። የድስት ክዳን ከእጇ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኳ፤ ጎረቤት እንኳ ይሰማዋል፣ እሱ ግን ትከሻው አልተነቃነቀም። ዞር ብሎ ሲያያት ደነገጠ፣ ጨርቁንም ወደ ጉንጩ አወረደው።

«ጥርሴን ነው» አለ።

እናቷ ልጅቷን በክንዷ ይዛ ወደ ጓሮ አወጣቻት። «ጥርሱ ጆሮው ውስጥ ከበቀለ ቆየ» አለች። «በየቀኑ ስጮህበት ትሰሚያለሽ አይደል? የተጣላን ነበር የሚመስልሽ?»

«ታዲያ እዚያ እንዴት ነው የሚሠራው? እማዬ፣ ሰው አለ እኮ ከሥሩ።»

«ተው ብዬ ስለምነው ከረምኩ። ‹አትስጊ፣ አውቀዋለሁ፣ ተሳስቼም አላውቅ› ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አልተሳሳተም። ልጄ፣ በሰው ፊት እንዳታዋርጂው። ከዚያ ዘንግ በውርደት ከለዩት ይሞትብኛል።»

ልጅቷ ስታስብ አመሸች። ጣሪያ ቢያንኮራፋ የምታደርገውን ወሰነች፤ ማንም ሳያይ እጅጌውን ትጎትተዋለች፣ እሱ ራሱ የሰማ መስሎ ይመለሳል። አንድ ነገር ብቻ አስፈራት፣ ፊቷ። ሆዷን የማይደብቅ ፊት ነው ያላት፤ ስትደነግጥ ይነጣል፣ ስትዋሽ ይቀላል። በርሜልና ጓደኞቹ አይተው አንድ ነገር ቢጠረጥሩስ? ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ፊቷን ድንጋይ ልታደርገው ቆረጠች። እዩልኝ እንግዲህ፣ ለአባቷ ክብር ብላ ያደረገችውን።

በማግስቱ ጠዋት ፋኖሱን ከፍ አድርጋ ቆመች። ቆፋሪዎቹ እንደ ልማዳቸው ከበሩ ውጭ ናቸው። አባቷ መታ አደረገ፣ ዘፈነ። ትንሽ ራቅ ብሎ መታ፣ ዘፈነ። መካከሉ ላይ ሲደርስ ግን ብረቱ እፍን ያለ ድምፅ አወጣ። አንዴ መታው፣ ደገመው፤ ያንኮራፋል። ፊቷ ግን ድንጋይ ነው፣ አንድ ሽፋሽፍት አልተንቀሳቀሰም። እጇን ወደ እጅጌው ከመላኳ በፊት አባቷ አየት አደረጋትና ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ይዘፍናል» አለ ጮክ ብሎ። ቀጥ ብሎ ሄዶ ከመካከሉ ሥር ቆመና ዳቦውን አወጣ።

አሁን ምን ትበል? ብትጮህ አባቷ በገዛ ልጁ አፍ፣ በሰው ሁሉ ፊት ያልቅለታል። ዝም ብትል ይጨፈለቃል፣ ወይም ተርፎ ጉርሻውን ይውጥና ሌሎቹን ያስገባል። ዳቦውን ሲቆርስ አየችው፣ ከዚያ በኋላ ማሰብ አልቻለችም። ፋኖሱን እንደያዘች ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ከበሩ ውጭ ያሉት አጉረመረሙ፤ እንዲህ ተደርጎ አያውቅም።

«አባዬ» አለች፣ እንዲያያት ፋኖሱን ወደ ፊቷ ጠጋ አድርጋ፣ «ለእኔም ቁረስልኝ።»

ቃሏን አልሰማ ይሆናል። ፊቷን ግን አየ። ድንጋዩ ፈርሶ እንባዋ ይወርዳል፣ አገጯ ይንቀጠቀጣል። የአባቷ መልክ ተለወጠ። ዳቦው ከእጁ ወደቀ፣ ክንዷን ጨምድዶ ይዞ እየጎተተ ወደ በሩ ይዟት ወጣ።

«ማንም እንዳይገባ» አለ። «ድጅኖ አምጡ፣ ረጅሙን።»

በርሜልና አንድ ሌላ ቆፋሪ በሩ ላይ እንደቆሙ የድጅኖውን ጫፍ መካከሉ ላይ ሰክተው ጫን አሉት። ገና ከመንካታቸው አልጋ የሚያህል ጨው ተገንጥሎ ወረደ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ነጭ አቧራ ሁሉንም አለበሳቸው። አቧራው ሲረጋ የዳቦው ቁራሽ የወደቀበት ቦታ አይታይም ነበር።

በርሜል ግንባሩን ጠረገ። «ጋሼ፣ ቆመህ እኮ ነው የሰማኸው» አለ። «ብረቱን ጥለህ፣ ዳቦህን ይዘህ። እንዲህ ያለ ጆሮ ከየት ተገኘ?» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አድናቆታቸው ከልብ ነበር።

ልጅቷ አባቷን አየችው። ክብሩ ይኸው በእጁ ላይ ተቀምጧል፣ አዎ ቢል አለቀ። አባቷ ግን ከንፈራቸውን ሲከታተል ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አልሰማሁም» አለ። «ከአምና ጀምሮ አልሰማም። የሰማችው እሷ ናት። እኔ ብረቱን ስመታ ጣሪያውን የማይ ይመስላችኋል? ፊቷን ነበር የማየው። ሲዘፍን ግንባሯ ይፈታል፣ ሲያንኮራፋ ቅንድቧ ይሰበሰባል። ፋኖሱን ወደ ፊትሽ ጠጋ አድርጊው የምላት ለምን መሰላችሁ? ዓመት ሙሉ የገባችሁት በእሷ ፊት ነው።»

ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። ቁጣ አልነበረበትም፣ ያዘነ ነበር። «ዛሬ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን የዘጋሽብኝ?»

«አንተን እንዳላዋርድ ብዬ» አለች፣ ቃሉን በከንፈሯ በደንብ እየቀረጸች። «ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ» አለ። «አንቺን ብቻ ሳይሆን ዘንጉንም አፈርኩት። ዛሬ አንቺንም እነዚህንም ልፈጅ ነበር። ይበቃኛል።»

ማንም ክፉ ቃል አልወጣውም። በእውነቱ ቢቆጡት ያምርባቸው ነበር፣ ነፍሳቸው ናት። ግን የእውነትን ዋጋ የሚያውቁ ሰዎች ናቸውና አንገታቸውን ደፉ። በርሜል ብቻ ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አያት። «እና እኔ በዚህች ቅንድብ ነው ሚስት ያገባሁት በለኛ፣ ጋሼ» አለ። «ሠርጌ ባለፈው ወር ነበር፣ በሕይወት የደረስኩት እኮ በእሷ ነው።» ሳቁ ወጣላቸው፣ አባቷም ሳቃቸውን አይቶ ፈገግ አለ።

ቀኑ ገና ነበርና ወደሚቀጥለው ክፍል ሄዱ። አባቷ ዘንጉን አንስቶ ለልጁ ሰጣት፣ ፋኖሱን ከእጇ ተቀበለ። ጣሪያውን ከጥግ እስከ ጥግ መታች። እያንዳንዱን ምት ሁለት ጊዜ ሰማችው፣ ሦስተኛም የደገመችው አለ። ሁሉም የጠራ ነበር።

«ይዘፍናል» አለች።

በርሜል ከራሱ ዳቦ ቆርሶ ለአባትየው ሰጠው፣ እሱም እንደ ልማዱ ወደ መካከሉ መራመድ ጀመረ። ልጁ ዘንጉን አግድም ይዛ መንገዱን ዘጋችበት።

«የሚገባው ‹ይዘፍናል› ያለው ሰው ነው» አለች።

አልሰማትም ማለት አይቻልም። ፊቷ ላይ ተጽፏል። ዳቦውን አስረከባትና ወደ በሩ ተመለሰ፣ ከቆፋሪዎቹ ጋር ተሰልፎ ቆመ። ዕድሜውን በሙሉ ከጣሪያ ሥር ሲቆም ኖሯል፤ ከበሩ ውጭ ሆኖ መጠበቅን ግን አያውቀውም። ልጁ ከነጩ ጣሪያ ሥር ቆማ ጎረሰች። አኘከች። ደረቅ ዳቦ ነው፣ ቶሎ አይወርድም። አንድ ጉርሻ ይህን ያህል እንደሚቆይ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር፤ ፋኖሱን በሁለት እጁ ይዞ ጉሮሮዋን፣ ጉሮሮዋን ብቻ አየ።