አባቴ ያስቀደመው ቤት

«እኔን አትስሙኝ! መንገዱ እነሱ በር ጋ ሲደርስ ይጎብጣል። ፕላኑን የሚሠራው እሱ አይደል?»

ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ይህን ያልነገረችው ጆሮ አልነበረም። ካስኳ ሥር የተቀመጠች ሁሉ ፀጉሯን አድርቃ፣ ወሬውን አንጠልጥላ ትወጣለች።

«እሱ» የምትለው አባቴን ነው፤ በማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ክፍል ያረጀ ሰው። የሰፈራችን መንገድ ሊሰፋ ነበር። ወይ በእኛ በኩል ያሉት ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ወይ ማዶ ያለው ባዶ መጋዘን። በመሥሪያ ቤቱ ደንብ፣ የገዛ ቤቱ ያለበት ጉዳይ ሲነሳ ሠራተኛው ከስብሰባ ይወጣል። ውሳኔው ይፋ እስኪሆን እሱም አይጠይቅም፤ ማንም ስለ ጉዳዩ አያናግረውም። አባዬም ወጥቶ ኮሪደር ላይ ቆመ።

ለእኛ ነገሩ የጭቃና የቆርቆሮ አልነበረም። የእማዬ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ ቤቱን ግን በእጇ ታየዋለች። መዝጊያው የተሰነጠቀበት ጋ ስትደርስ ወደ ጓዳ ትታጠፋለች፤ ልስኑ የሻከረበት ጋ እጇን ዘርግታ መስኮት ትከፍታለች። ማንም ሳይመራት ታበስላለች፤ ጨው ሲበዛባት እኔን ትወቅሳለች።

አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ፀጉር ቤቱ ገባሁ።

«ወሬሽ ከሻምፖሽ በላይ አረፋ አለው» አልኳት።

«እሰይ የኔ ቆንጆ! ቤታችሁ ሲፈርስ ልይና ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው አባዬ ጆሮም ደረሰ።

በማግስቱ እራት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዛሬ መንገዱን ለሚወስነው ኮሚቴ ነገርኳቸው። ‹ከእኔ ቤት ጀምሩ፤ አትፈሩኝ› አልኳቸው።»

እማዬ የጎረሰችውን ቀስ ብላ ዋጠች። «ደግ አደረግህ። ስምህ ይበልጣል» አለች። ግራ እጇ ግን ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ይዳብስ ነበር። እኔ ደግሞ በአባቴ ኩራት ደረቴ ተነፋ።

የሚፈርስ ቤት ምልክት የሆነው ቀይ ቀለም በእኛ አጥር ላይ ተቀባ። ከእኛ ቀጥሎ የፀጉር ሠሪዋ ቤት ነበር። ዶዘሩ በመጣ ዕለት ካስኳን ታቅፋ፣ እያለቀሰች «ይቅርታ» አለችኝ። ቃሏን ጠበቀች፤ ምን ይደረግ።

በምትኩ የደረሰን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው ሁሉ ልሙጥ፣ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት። «ልጄ፣ ይሄ ቤት አያናግረኝም» አለችኝ እማዬ። አባዬ መንገድ እንዲሆናት በየበሩ ጥግ የአሸዋ ወረቀት ለጠፈላት። አንዴ ዳበሰችው፤ እሱን ላለማሳዘን ፈገግ አለች፤ ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ጓዳ ድረስ እንኳ ብቻዋን መሄድ ተወች። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች።

የአባዬ የሥራ ባልደረባ፣ ኮሚቴው ውስጥ የነበረው ቀያሽ፣ ሊያጽናናን መጣ። ስሸኘው ደረጃው ላይ ቆም አለ።

«እኔ የምልሽ እህቴ፣ ጋሼ መጋዘኑን ምን አይቶበት ነው? አፈሩ ይሰምጣል ብሎ ነው?»

«የቱን መጋዘን?»

«መንገዱ ማዶ፣ በባዶው መጋዘን በኩል እንዲወጣ ወስነን ጨርሰን ነበር እኮ። እሱ መጥቶ ‹ከእኔ ቤት ጀምሩ› ሲለን፣ እኛ ያላየነውን ነገር አይቷል ብለን መስመሩን አዞርነው። እንዳንጠይቀው ደንቡ ይከለክላል። ደግሞ ሰው እንዲያው በከንቱ ቤቱን ይሰጣል ብሎ ማን ያስባል?»