ከገጽ መቶ አሥራ ሁለት ወዲያ

ለማንም ተናግራው አታውቅም፣ ለእህቷ እንኳ፣ ምን ብላ ትጀምራለች፣ በሰው ስም መጽሐፍ ጻፍኩ ትበል፣ አይባልም፣ አውቶቡሱ ሰው ጭኖ ይነሳል፣ ከፊቷ ያሉት ሁለት ልጃገረዶች ስለዚያው መጽሐፍ ነው የሚያወሩት፣ መጽሐፍ የጠፋ ይመስል፣ ሁለተኛውን አነበብሽው፣ ተይኝ እባክሽ፣ ግማሹ ላይ ተውኩት፣ ሽማግሌው ጃጅቷል፣ ይስቃሉ፣ ፊቷ ይግላል፣ ወደ መስኮቱ ትዞራለች።

አልጃጁም። ዓይናቸው ነው የደከመው። ያም ውሸት ነው፣ ሐሳቡም ይጠፋቸዋል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ደራሲው ጋሼ ይናገራሉ እሷ ትተይባለች፣ ጠዋት ጠዋት የትናንቱን ታነብላቸዋለች፣ አገጫቸውን ከዘራቸው ላይ አስደግፈው ያዳምጡና ይሁን ይላሉ፣ ይሁን ካሉ አለቀ፣ ገጹ ወደ አሳታሚው ይሄዳል።

አንደኛውን በገዛ እጃቸው ነበር የጻፉት፣ አንዲት የስልክ ኦፕሬተር መነጽር ዓይኗ ላይ አጥልቃ በኮምፒውተር የተሠራ ከተማ ውስጥ የምትኖርበትን፣ እኔ እኔ እያለች ታሪኳን የምታወራበትን፣ ሰው እየተሻማ ያነበበውን፣ ሴትየዋ መነጽሩን ሳታወልቅ መጽሐፉ አለቀ፣ አንባቢው ሁሉ ታወልቀው ይሆን እያለ ስድስት ዓመት ጠበቀ።

በሁለተኛውም ያቺው ሴት እኔ እያለች ቀጠለች፣ ግን ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ጋሼ ዝም አሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ የት ደረስን ይላሉ፣ ትነግራቸዋለች፣ እህ ይላሉ፣ መልሰው ይረሱታል፣ አሳታሚው ይደውላል፣ አስታውሺያቸው እንጂ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ወንበራቸው ላይ ሲያሸልቡ ግማሽ ገጽ ጻፈች፣ ለሙከራ ነው፣ ምን ለሙከራ፣ አምሯት ነው፣ በማግስቱ ትናንት ያሉት ነው ብላ አነበበችላቸው።

ይሁን አሉ።

በቃ። ግማሹ ገጽ ሁለት ሆነ፣ ሠላሳ ሆነ፣ መጽሐፍ ሆነ፣ መነጽሩን ያስወለቀቻት እሷ ናት፣ ሴትየዋ አሳዝናት፣ ዓይኗ ይረፍ ብላ፣ አውልቃ ደግሞ ምን ታድርግ፣ ኩሽና አስገብታ ሳህን አሳጠበቻት፣ ሞኝ፣ ሰው ስድስት ዓመት የጠበቀው ሳህን ሲታጠብ ሊያነብ ነው።

ዛሬ ጋሼ ሬዲዮ ሰሙ፣ ሃያሲው በቁሙ የሞተ መጽሐፍ ሲለው፣ ቢቆጡ ምን ነበረበት፣ አልተቆጡም፣ ልጄ አሉ፣ ነገ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ፣ የት ላይ እንደጠፋሁ ልወቀው፣ ከእንግዲህስ አልጽፍም። የት ላይ እንደጠፋሁ። ቁጥሩን ታውቀዋለች፣ ዝም ካለች እኒህ ሰው ጃጀሁ ብለው ሊሞቱ ነው፣ ትነግራቸዋለች፣ ነገ፣ ጋሼ አንድ ነገር ነበረኝ፣ አይ፣ ጋሼ ይቅር ይበሉኝ፣ አይ፣ ምላሷ ከአሁኑ ተሳሰረ፣ ወራጅ አለ ማለት አፍራ አንድ ፌርማታ አልፋ የምትወርድ ሴት፣ ይኸው፣ ዛሬም አለፋት።

ጠዋት። ጋሼ አገጫቸውን ከዘራው ላይ አስደግፈዋል፣ ታነባለች፣ ቀትር ሲቃረብ መቶ አሥር፣ መቶ አሥራ አንድ፣ መቶ አሥራ ሁለት፣ የእሳቸው የመጨረሻ መስመር አለቀች፣ ጋሼ ልትል አፏን ከፈተች፣ ተወችው፣ ቀና ሳትል፣ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረች፣ በዚያው በማንበቢያ ድምጿ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው፣ አለች፣ አፍሬ ነው እስከ ዛሬ ያልተናገርኩት።

ጋሼ አገጫቸውን ከከዘራው ላይ አነሡ። ቀስ ብሎ ፊታቸው በራ።

እዚህ ላይስ ሴትየዋ ነፍስ አላት፣ አሉ፣ ይቺን የጻፍኩ ሰውዬ እንኳ ገና አልጠፋሁም፣ ቀጥይ ልጄ።

ገጹን ገለጠች። ሴትየዋ ሳህን እያጠበች ነበር፣ ቀጠለች።