የተነጠቁ ችግኞች መናፈሻ

«ተቀመጪ እንጂ! ሐዘንተኛ ሲንቆራጠጥ አያምርም» አሉ አክስቷ፣ ትከሻዋን ይዘው መልሰው ሶፋው ላይ እያስቀመጧት።

«እትዬ፣ ትንሽ አየር ልቀበል ብዬ ነው።»

«አየሩ እዚህስ መቼ ጠፋ?»

መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ለአባቷ ለቅሶ የመጡ ጎረቤቶችና የጉምሩክ ባልደረቦቹ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀምጠዋል። በሩ ጋ ለመድረስ የሁሉንም እግር መሻገር ነበረባት። ብትወጣስ? ቤቱ የሚገኘው መናፈሻው መሃል ነው፤ ከበሩ ማዶ ዛፍ፣ ከዛፉ ማዶ አጥር።

«ይኼ መናፈሻ እኮ እንዲህ አልነበረም» አሉ ጡረተኛው የጉምሩክ ሾፌር ሻያቸውን እያማሰሉ። «ጡብ ፋብሪካው አፈር የዛቀበት ጉድጓድ ነው። የሞተ ውሻ የሚጣልበት!»

ሁሉም የሚያውቁት ታሪክ ነው፤ ቢሆንም ጆሯቸውን ሰጡ። አባቷ የወደብ ዕፅዋት ተቆጣጣሪ ነበር። መንገደኞች በሻንጣ፣ በካልሲ ሳይቀር ሸሽገው የሚያመጡትን ችግኝ እየነጠቀ ማቃጠል እንጀራው ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከእናቷ መቃብር ላይ የነቀለችውን ቁጥቋጦ ሲነጥቃት፣ እጁን ይዛ ሳመችው። ያንን ማቃጠል አቃተው። በካፖርቱ ሸፍኖ ወሰደና ተባይ እንዳይዛመት በአሮጌ መስኮቶች ከልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተከለው። የመስታወት ቤቱ እንዲያ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ሌላ ችግኝ ማቃጠልም አልሆነለት።

«አለቃችን ሲደርስበት ጉድ ፈላ! ተባረረ» አሉ ሾፌሩ። «ኋላ ከንቲባው ከነሚስታቸው መጥተው አበባውን ሲያዩ፣ ያው ሌባ የመናፈሻ ኃላፊ ተባለላችሁ!»

ሳቅ ሆነ። እሷ አልሳቀችም።

ያኔ ነርስነት ለመማር ሌላ ከተማ ገብታ ነበር። አባቷ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር፣ «እስክድን ብቻ» ብሎ አስጠራት። ዳነ። ግን የመናፈሻው የውሃ ፓምፕ ተበላሸ፤ ቀጥሎ ዝናብ ጠፋ፤ ቀጥሎ ረዳቱ ለቀቀ። አንድም ቀን አትሂጂ አላላትም። ጎብኚ ሲመጣ ብቻ፣ በአበቦቹ መካከል ቆማ ሲያያት፣ «ይቺም ከመስታወት ውጪ አትጸድቅም» እያለ ይቀልድ ነበር። ጎብኚው ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ፀጉሯ እዚያው ሸበተ።

ረፋዱ ላይ የከተማው የመናፈሻዎች ሹም መጣ። «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቦታውን ለመኪና ማቆሚያ ሊወስድ ያሰፈሰፈ ብዙ ነው። እርስዎ የአባትዎን ሥራ ከያዙ ግን ማንም አይነካውም።»

«ትይዛለች እንጂ! የት ትሄዳለች?» አሉ አክስቷ ቀድመው።

ቤቱ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

«አልይዝም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ እሄዳለሁ።»

የሾፌሩ ማንኪያ ቆመ። አክስቷ ደረታቸውን መቱ። «ሁለተኛ ሞት ገደልሽው! ያን ሁሉ ያቆየው ለማን ነው?»

«ለእኔ አይደለም፣ እትዬ። ማቃጠል ስላልቻለ ነው። መልቀቅም አይችልም ነበር።»

ስትነሳ የያዛት የለም። እግሮች እየተሰበሰቡ አሳለፏት። በቀጥታ ወደ ውጪው በር ልትሄድ ነበር፤ የለመደው እግሯ ግን መስታወት ቤቱ ውስጥ አስገባት። አባቷ አልጋ ከያዘ ወዲህ የሚያጸዳቸው ጠፍቶ፣ ትልልቆቹ ቅጠሎች ላይ አቧራ ተኝቷል። የቀሚሷን ጫፍ ባልዲ ውስጥ ነከረች። አንዱን ቅጠል ከሥሩ በመዳፏ ደግፋ፣ የታመመ ሰው ፊት እንደሚጠረግ ቀስ አድርጋ ጠረገችው።

ከዚያ የሚቀጥለውን።