የዓሣ ነባሪ ቋንጣ

…ታጨበጭባለች እኮ ያቺ ባለካሜራ፣ ጭራሽ ታጨበጭባለች! ራንቫ ባልዲዋን እንዳንጠለጠለች ወደቡ ጠርዝ ላይ ደርቃ ቀርታለች፣ ሰው የለም ብላ ነበር፣ አማቷ አርምጋርድ ከምሳ በኋላ ሲያሸልቡ ሹልክ ብላ ባሕሩ ውስጥ ልትደፋው፣ አንድ ባልዲ ሙሉ የዓሣ ነባሪ ቋንጣ፣ አማቷ በገዛ እጃቸው ዘልዝለው ለእርጉዟ ምራታቸው ያደረቁት። ስድስት ወሯ ነው። ሥጋው ሜርኩሪ አለበት፣ ለፅንሱ መርዝ ነው፣ እንዳትቀምሺ ብሏታል ሐኪሙ፣ ለእማማ ግን ማን ይንገራቸው፣ እኔ ሰባት ወልጄበታለሁ፣ የቱ ነው የጃጃለው? ይላሉ። ሐኪሙንስ ቢሆን እናቱ ይህንኑ እየበላች አይደል ያረገዘችው!

ጎሽ እህቴ፣ ትላለች ባለካሜራዋ፣ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የዓሣ ነባሪ አደኑን ልታስቆም ከባሕር ማዶ የመጣችው፣ ለዓሣ ነባሪዎቹ አዝነሽላቸው ነው አይደል?

እህቴ? ትላለች ራንቫ በሆዷ፣ የማን እህት? ማን አዘነ? ልጄ ነው የሚያሳዝነኝ፣ የአያቱ ምግብ የተመረዘበት፣ ማን መረዘው ታዲያ፣ እኛ በግና ጭጋግ እንጂ ምን ፋብሪካ አለን፣ በናንተ ጭስ ማውጫ ወጥቶ፣ በዝናቡ ወርዶ፣ በዓሣው ሆድ ዞሮ የኔ ገበታ ላይ የተቀመጠ መርዝ፣ እናንተው መርዛችሁ እናንተው አልቃሽ! አረመኔ ብላችሁ ስትሰድቡን ከርማችሁ ዛሬ ጎሽ፣ ጎሽ የሚባለው ለውሻ ነው።

ካሜራው ቀይ መብራቱን አብርቶ ያፈጥጥባታል። ማታ ይህን ዓለም ሁሉ ሊያየው ነው፣ የደሴቷ ሴት በባህሏ አፍራ ስትጥለው፣ ባሏ ባርዱር መርከቡ ላይ ሆኖ ሊያየው፣ እማማ ሊያዩት። አይሆንም። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አይሆንም። እጇ ባልዲው ውስጥ ገብቷል፣ አንዱን ዝልዝል መዛ ትጎርሳለች፣ ካሜራው ላይ አፍጥጣ ታኝካለች፣ እንኪ፣ ቅጂ፣ የባለካሜራዋ እጆች ለጭብጨባ እንደተነሱ አየር ላይ ቀሩ። እሰይ!

ከዚያ ሩጫ፣ ጀልባ ማደሪያው ጀርባ፣ ትፍ፣ መዳፏ ላይ፣ ምላሷን በእጅጌዋ ትፈትጋለች፣ ምንም አልዋጥኩም፣ አልዋጥኩም አይደል? የኔ ጌታ፣ ልጄ፣ ይቅር በለኝ፣ እናትህ አብዳለች፣ ደግሞ ይጣፍጣል፣ እሳት ይብላቸውና ይጣፍጣል፣ ምራቋ አሁንም ይሞላል።

ራንቫዬ!

እማማ ናቸው፣ ጭብጨባው ቀስቅሷቸዋል፣ በነጠላ ጫማ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ እጃቸው ላይ ሌላ ሳህን፣ በመስኮት አየሁሽ! ፊታቸው ላይ ስትበይላቸው አየሁሽ፣ የኔ አንበሳ! እኔ ደግሞ ተጠየፈችኝ ብዬ፣ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለሽ፣ በይ እንኪ፣ ይሄ ለስላሳው ነው።

ሳህኑ አፍንጫዋ ሥር ደርሷል። እማማ፣ ትላለች፣ ጭብጧን ትፈታለች፣ የታኘከው ቋንጣ መዳፏ ላይ አለ። አርምጋርድ ያዩታል። የርስዎ እጅ አይደለም የመረዘው እማማ፣ እጅዎ ንጹሕ ነው፣ ባሕሩ ነው፣ እነሱ ናቸው፣ ልትል አፏን ስትከፍት ካሜራዋን ያንጠለጠለችው ልጅ በጀልባ ማደሪያው ጥግ ብቅ ትላለች፣ የራንቫ መዳፍ ላይ የተተፋውን ታያለች፣ ፊቷ ይፈካል።

ጭብጨባው እንደገና ይጀምራል።