በአጎቴ እርምጃ የሄደው ሰልፍ

የምነግራችሁ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ። አውቃለሁ፣ የሚያውቀኝ ሰው አያምነኝም፤ ከስድስተኛ ክፍል የተባረርኩትም የመምህሩን ወንበር ማስቲሽ ቀብቼ ነው። ይሄኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው።

አጎቴ ጫማ ሠሪ ነው። ቀኝ እግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ አጭር ነው። እኔም ይኸው ሃያ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ጫማ እሰፋለሁ። ድሮ፣ ወጣቱ ሁሉ "እምቢ" ብሎ አደባባይ በወጣ ጊዜ፣ ሰልፉን ከፊት የመራው እሱ ነው። ሺህ ሰው በእሱ እርምጃ ሄደ፤ አንድም ሰው አልቀደመውም። ቀስ ከማለታቸው የተነሣ ወታደሮቹ ቀብር መስሏቸው ባርኔጣ አውልቀው አሳለፏቸው።

ዘንድሮ ያንን ዘመን የቴሌቪዥን ድራማ ሊያደርጉት መጡና የተዋናዮቹን ጫማ፣ ሰማንያ ጥንድ፣ እንድናድስ ሰጡን። አጎቴ ከደስታው ብዛት ሦስት ቀን በተከታታይ ጺሙን ተላጨ።

አዘጋጁ ቀይ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ነው። ከእጁ ወረቀት አይለይም። "የእኛ ድራማ ሁሉንም ይወክላል፤ ሴት አለች፣ ገበሬ አለ፣ አካል ጉዳተኛም አለ" አለን። በእያንዳንዳቸው ጎን ምልክት አድርጓል፤ የገበያ ዕቃ ዝርዝር ነው የሚመስለው።

አካል ጉዳተኛ የተባለው ግን፣ እግር ልንለካ ልምምዳቸው ላይ ስንሄድ፣ ሁለት እግሩ የተስተካከለ፣ የሳሙና ማስታወቂያ የሚሠራ መልከ መልካም ሆኖ አገኘነው። ጠዋት በቀኙ ያነክሳል፣ ከሰዓት በግራው።

"የኔ ልጅ፣ አንካሳ ጠፍቶ ነው?" አለ አጎቴ።

"አባባ፣ እኛ የምናየው ችሎታ ነው።"

"የምን ችሎታ? የትኛው እግሩ እንደሆነ እንኳ አያስታውስም እኮ!"

"እናስተካክለዋለን።"

"እሺ፣ ይሁን። ከፊት አድርገው፤ ሰልፉ በእሱ እርምጃ ይሂድ።"

"አይ፣ እሱማ ከኋላ ነው። ይደክመዋል፣ ይወድቃል፣ ቆንጆዋ ታነሣዋለች። ተመልካች ማልቀስ ይፈልጋል።"

"ማንም አላነሣኝም!" ብሎ ጮኸ አጎቴ። "አልወደቅኩማ! ጠበቁኝ እንጂ!"

"አባባ፣ ድራማ እኮ ነው።"

ያን ቀን "ድራማ እኮ ነው" ያለን አሥራ አንድ ጊዜ ነው፤ ቆጥሬያለሁ። ሱቅ ስንመለስ አጎቴ መዶሻውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። "ፎቶዬን ስቀሉልኝ አላልኩም። እንዴት እንደሄድን ብቻ ቢያሳዩ ምን ነበረበት?" አለ።

ቀረጻው ሁለት ቀን ቀርቶታል። አጎቴ ምሳ በወጣ ቁጥር ቢላዬን እያነሣሁ የሰማንያውንም ጥንድ ቀኝ ተረከዝ በአንድ ጣት ከግማሽ አሳጠርኩና ቀለም ቀብቼ ደበቅኩት።

መንገዱን የዘጉላቸው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። አዘጋጁ "ጀምሩ!" አለ። ሰማንያ ሰው አነከሰ። ቆንጆዋም አነከሰች፣ ገበሬውም አነከሰ። መልከ መልካሙ ራሱ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩን ሳያምታታ አነከሰ።

"ቁሙ! ምን ሆናችሁ?"

"ጫማው ነው!"

"አውልቁታ!"

"በዚህ አስፋልት? አንተ አውልቅና ሂድበት!" አለችው ቆንጆዋ።

ሲጨቃጨቁ ሰዓቱ አለቀ፣ መንገዱም ተከፈተ። በእጃቸው የቀረው ያ ቀረጻ ብቻ ነው፤ እያረሩ አስገቡት። ሰማንያ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም።

ድራማው የታየ ቀን አጎቴ ሱቃችን ውስጥ ከእኔ ጋር ተቀምጦ አየ። ሰልፉ ሲመጣ ወንበሩን አስጠጋ። እስኪያልፍ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ከይሲ፣ የአንተ ሥራ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ፊቴ ተገትረህ! ግራውን እኮ ነው የቆረጥከው!"

እንግዲህ ቀኝ ተረከዝ ያልኳችሁ ፈጠራ ነው፤ ግራ ነበር። ምን ላድርግ፣ ፊት ለፊት ስንቀመጥ የእሱ ቀኝ በእኔ ግራ በኩል ነዋ! ምላሴን ግን ተዉልኝ። ሌላው ሁሉ፣ የወታደሮቹ ባርኔጣ ጭምር፣ እውነት ነው።