ዘውዱ የማይገጥመው አዝራር

«ተቀመጪ እንጂ» አለቻት አክስቷ፣ የሰትዋንትን ነጭ ሻሽ ይዛ እየጎተተች። «የአባትሽን አስከሬን በወጋችን ካቃጠልን አራት ቀናችን ነው፤ አንዴ እንኳ አረፍ አላልሽም።»

«ይቺን ሻይ ላድርስና እመጣለሁ።»

ሰትዋንት አልተመለሰችም። ሻዩን ለለቀስተኛ ሰጥታ ጓዳ ገባች፤ የገባችበት ጠፍቷት ወደ በረንዳ ወጣች። ሳሎን፣ ወለሉ ላይ በተዘረጋ አንሶላ የተቀመጡት ሴቶች ይንሾካሾካሉ። አንባቢው በአሥረኛው ቀን የሚያልቀውን የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ ድምፁን ሳይቀይር ያነባል። ውጭ የታይፒንግ ከተማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

በረንዳው ላይ አቶ ሊም ለቤቱ ወግ ብለው መሀረብ ራሳቸው ላይ አስረው ቆመዋል። የጎረቤት ከተማ፣ የኢፖ ሰው ናቸው፤ የድሮ የእንግሊዝ ጦር ልብስ አዝራር ይሰበስባሉ። ከአባቷ ከኪርፓል ሲንግ ጋር ሠላሳ ዓመት ተወዳጅተዋል።

«በሐዘንሽ መሃል መምጣቴ አሳፍሮኛል» ብለው በጥጥ የተጠቀለለ ነገር ከኪሳቸው አወጡ። «የሟቹ የአጃይብ ሲንግ የልጅ ልጅ ነው ሊሸጥልኝ ያመጣው። እውነተኛ ነው የሚል የአባትሽ ወረቀት አለው። ግን እስቲ ዘውዱን እዪው።»

አየችው። አዝራሩ ላይ «አንደኛ የፔራክ ሲኮች» የሚል የክፍለ ጦር ስም ተጽፏል። ከላዩ ያለው ዘውድ መሃሉ ያልጎደጎደ፣ የእንግሊዟ ንግሥት ሞታ ልጇ ከነገሠ በኋላ የመጣው ዘውድ ነው። ክፍለ ጦሩ ግን ንግሥቲቱ በሕይወት ሳለች ስሙ ተቀይሯል። ያ ስምና ይህ ዘውድ ወታደር ደረት ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ይህን ያስተማራት አባቷ ነው፣ በአሥር ዓመቷ። እሑድ እሑድ ከባቡር ጣቢያ ሥራው ሲመለስ አልጋው ላይ ጋዜጣ ይዘረጋል። ሰው ከጓሮው ቆፍሮ፣ ከቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓድ ለቅሞ አዝራር ያመጣለታል። «መጀመሪያ ጀርባውን እዪ፤ የሠሪው ስም እዚያ ነው። ከዚያ ዘውዱን» ይላታል። ለማንም አያዝንም። የእሷ አስተማሪ የአያቱን አዝራር ይዞ ሲመጣ «ቅጂ ነው» ብሎት ሻዩን መጠጣት ቀጠለ። አስተማሪው ከዚያ ወዲህ ሰላም ብሎት አያውቅም።

«እሱ ይህን አይስትም» አሉ አቶ ሊም። «ሠላሳ ዓመት እሱ እውነተኛ ያለኝን ነው የገዛሁት። እዚህ ላይ ዋሽቶ ከሆነ ቤቴ ያለውን ሁሉ ምን ብዬ ልመነው?»

«ነገ ይምጡ» አለቻቸው። መዳፏን ዘረጋች። «አዝራሩን ግን ይተዉልኝ።»

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ የአባቷን መሳቢያዎች ስትከፍትና ስትዘጋ ዋለች። ምን እንደምትፈልግ አታውቅም።

«ለናስ አዝራሩ የሳቀውን ያህል ለእኛ አልሳቀም» አለች አክስቷ ከኋላዋ። «አሁን ደግሞ ልክፍቱ አንቺን ያዘሽ?»

በማግስቱ የአጃይብ ሚስት እማማ ተጅ ለለቅሶ መጡ። ሰትዋንት እጃቸውን ይዛ ጓዳ አስገባቻቸውና አዝራሩን አሳየቻቸው።

አሮጊቷ ፊታቸው ጠቆረ። «ያ ልጅ ከግድግዳዬ ላይ አወረደው? ሳይነግረኝ?»

«እማማ፣ አባቴ እውነተኛ ነው ብሎ ጽፏል። ለምን?»

በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «አጃይብ ጉሮሮው ተዘግቶ ውኃ እንኳ አይወርድለትም ነበር። አባቱ ሰካራም ነው እንጂ ወታደር አልነበረም እየተባለ ነው ያደገው። ያቺን አዝራር ከየት እንዳገኛት እንጃ፣ የአባቴ ናት ይላል። አባትሽን አስጠራው። ኪርፓል ብዙ አገላበጣት። ከዚያ ወረቀት ጠየቀኝ።»

«ከዚያስ?»

«ጻፈለት። አጃይብ በሁለተኛው ቀን ሞተ፣ ወረቀቱን ትራሱ ሥር አድርጎ። የጻፈለት ዕለት አባትሽን ስሸኘው በሩ ጋ ሲደርስ ጫማውን ማሰር አቃተው፤ እኔ ነኝ ያሰርኩለት። ‹ተጅ፣ አዝራሩን ግድግዳ ላይ ስቀይው፤ ከዚያ እንዳታወርጂው› አለኝ። ውሸት መሆኑ ያኔ ነው የገባኝ።»

አቶ ሊም ሲመጡ ሰትዋንት በረንዳው ላይ ጠበቀቻቸው። ተሳስቶ ነው ብትል ይቀላት ነበር፤ አባቷ ግን ተሳሳተ ከሚባል ዋሸ መባልን ይመርጥ እንደነበር ታውቃለች።

«አባቴ ዋሽቷል» አለች። «እየሞተ ላለ ሰው። ሌላ ቦታ መዋሸቱን ግን አላውቅም። ሐዘኑ ሲያልቅ ኢፖ እመጣለሁ፤ የጻፈልዎትን አንድ በአንድ አብረን እናየዋለን። ሐሰት ካገኘን ሐሰት ነው እላለሁ።»

አቶ ሊም ወደ ዝናቡ ዞሩ። «አዝራሮቹ ስድሳ አራት ናቸው» አሉ።

«ስድሳ አራቱንም።»

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ሰትዋንት ሳሎን ገብታ ተንበርክካ አዝራሩን በእማማ ተጅ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠች። ልትነሳ ስትል አሮጊቷ ከራሷ የተንሸራተተውን ሻሽ ወደ ቦታው መለሱላት፤ እጃቸውንም ጆሮዋ አጠገብ ተዉት። ሰትዋንት ለአፍታ አመነታች። ከዚያ የጭንቅላቷን ክብደት ሁሉ በዚያ መዳፍ ላይ ጣለች፤ አንባቢው ገጽ ገልጦ ሌላ ገጽ እስኪጀምርም ቀና አላለችም።